አሥራ ሁለተኛዋ ደቂቃ የሌለችበት ሪፖርት

በሕይወቴ የወሰድኩትን ሥልጠና ሁሉ አንድ ላይ ብደምረው ከትዳሬ ይረዝማል። የሒሳብ መምህር ነኝና ድምሩን ማንም ባይፈትሽብኝ ደስ ይለኛል። ሰበታ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ስለ ማስተማር ዘዴ ያልሠለጠንኩበት አዳራሽ ካለ፣ ገና ጣሪያው ያልተመታ መሆን አለበት።

ሥልጠና ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለመምህር መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ሰው ግን ላስረዳ። ጠዋት ትፈርማለህ፣ ከሰዓት ትፈርማለህ። በሁለቱ ፊርማዎች መሃል አንድ ሰው ግድግዳ ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነብልሃል፤ አንተም ዓይን ስላለህ አብረኸው ታነባለህ። በመጨረሻው ቀን አበልህን ተቀብለህ፣ አርማ የታተመበት ቦርሳ አንጠልጥለህ ወደ ክፍልህ ትመለስና ባለፈው ሳምንት ስታስተምር እንደነበረው ታስተምራለህ። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የልጆቼ ጫማ የተገዛው፣ የቤቴም ቆርቆሮ የተመታው በዚያ አበል ነው። መምህር በደመወዙ ብቻ ይኑር የሚል ሰው መምህር ሆኖ አያውቅም። እኔ የምለው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይከፈለን የነበረው ለመቀመጫችን እንጂ ለጭንቅላታችን አልነበረም ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ምክትል ዲናችን አንድ ደብዳቤ ይዘው መጥተው ሲያነቡልን ጆሮዬን ጠረጠርኩት። አንድ ፕሮጀክት ከየኮሌጁ አንድ አንድ የሒሳብ መምህር መርጦ ለአንድ ሙሉ ዓመት በየወሩ ሊከፍል ነው። የሚከፍለው ግን አዳራሽ ለመቀመጥ አይደለም። የተመረጠው መምህር ከሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ሲሶው ይቀነስለታል። በተቀነሰለት ሰዓት የራሱን ትምህርት ይመረምራል፣ እንደገና ያዘጋጃል፣ አንድ ባልደረባ ክፍሉ ገብቶ ያይለታል፣ ያየውንም ይጽፍለታል። ጊዜ ቢኖረን ኖሮ እንሠራው ነበር እያልን ሃያ ዓመት የማልንበትን ነገር፣ ሥራ ነው ብሎ ሊከፍልበት መጣ ማለት ነው።

ከአምስታችን የሒሳብ መምህራን ያመለከትነው ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላዋ ፊት ለፊቴ ባለው ጠረጴዛ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ናት። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው፤ እሷ ሱሉልታ። ሁለታችንም ሰበታ ለመድረስ አዲስ አበባን መሰንጠቅ አለብን፤ እሷ ግን በየቀኑ ሦስት የአየር ንብረት አቋርጣ ነው የምትገባው። ከቤቷ ስትወጣ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ነው፤ ሰበታ ስትደርስ ለፀሐይ ጃንጥላ ትዘረጋለች። አሥር ዓመት አንድ ዳስተር ተጋርተናል። ልጄ ሲታመም ክፍሌን ይዛልኛለች። እናቷ ያረፉ ጊዜ ደግሞ እኔ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጬ ለቀስተኛውን ስላሳቅኩ፣ ዘመዶቿ ከድንኳን ሊያስወጡኝ ሲሉ «ተዉት፣ እማዬም ትወደው ነበር» ብላ ያዳነችኝ እሷ ናት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ናት። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የምሠራባትን እንድታውቁልኝ ነው።

ማመልከቻው ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ካስተማሩት ውስጥ ያልተሳካልዎትን አንድ ትምህርት ይግለጹ» ይላል።

እዚህ ላይ እኛ ኮሌጅ ብቻ የሚሠራ ስህተት ሠራሁ። እኛ በየመንፈቁ እርስ በርሳችን እንገማገማለን። ነጥቡ ከአምስት ነው። ሁላችንም ለሁላችንም አምስት እንሰጣለን፤ እውነት እንዲመስል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አራት ጣል እናደርጋለን። አራቷም በተራ ትዞራለች፤ «ሰዓት ማክበር» ላይ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእሷ። ሦስት መስጠት የሚባል ነገር የለም። ሦስት የሰጠ ሰው ጦርነት አውጇል፤ ሻይ ብቻውን ነው የሚጠጣው። በዚህ ልማድ የሸመገለ ሰው ፎርም ላይ ጥፋቱን አይጽፍም፤ ግድ ካሉት «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» ይላል። እኔም ያልተሳካ ትምህርት የለኝም ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ ይሁን ብዬ ደግሞ የምስክር ወረቀቶቼን ሁሉ ኮፒ አድርጌ አያያዝኩ። ክምሩን የሚበሳ ስቴፕለር ሰበታም ቡራዩም ስለጠፋ ባለቤቴ ሰፋችልኝ። ባለቤቴ ቤታችን በር ላይ ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማመልከቻዬ በሰማያዊ ክር፣ በድርብ ስፌት ነው የገባው።

ባልደረባዬ ያስገባችው አንድ ገጽ ነው፤ በእጇ የጻፈችው። በክፍልፋይ ማካፈልን አስተማርኩ፣ ሁሉም ፈተናውን አለፉ፣ ከወር በኋላ አንዷ ተማሪዬ ለልምምድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዳ ስታስተምር የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ለምንድነው የምንገለብጠው?» ብሎ ጠየቃት፤ መጥታ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም አላወቅኩም። ይኸው ነው። መልሱን እንኳ አልጻፈችም።

ተመረጠች።

መጀመሪያ የቀናሁት በገንዘቡ መስሎኝ ነበር። ሲቆይ ግን ዓይኔን የወጋኝ የሰዓት ፕሮግራሟ ሆነ። በእኛ ክፍል በር ላይ የሁላችንም ፕሮግራም ተለጥፏል፤ የእኔ ሳጥኖች እንደ ሰበታ ታክሲ ታጭቀዋል፣ የእሷዎቹ መሃል መሃል ላይ ባዶ ናቸው። እዚያ ባዶ ሳጥን ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እኔ ጠመኔዬን ይዤ እየሮጥኩ ስወጣ እሷ ወረቀት ዘርግታ፣ ሻይዋን ይዛ፣ መስኮቱን እያየች ታስባለች። ሰው በሥራ ሰዓት ሲያስብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። መስኮቱን እንኳ ያዘችብኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ ቀን በፊት ያ መስኮት መኖሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የበራችን ጥበቃ የዚያው አካባቢ ገበሬ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፣ በአማርኛ ይቀልዱብኛል። አንድ ቀን በሩ ላይ አስቆሙኝና፣

«ኦቦ ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህሩ ማለታቸው ነው፤ «ያቺ ልጅ አለቃህ ሆነች አሉ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? እሷ ቀስ ብላ ትገባለች፣ አንተ ትሮጣለህ። በዚህ ነዋ አለቃ የሚታወቀው።»

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። መርፌዋን ሳታቆም፣

«ገንዘቡ ነው ያቃጠለህ?» አለችኝ።

«ገንዘቡ አይደለም። ሰዓቱ ነው።»

«ሰዓቱንማ አንተ ብታገኘው ትተኛበታለህ።»

መተኛት ከዕቅዶቼ አንዱ ነበር።

በጥቅምት ምክትል ዲኑ አስጠሩኝ። ለባልደረባዬ ተመልካች ያስፈልጋታል፤ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ነፃ የሆንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ለተመልካቹ ይከፈላል?» አልኳቸው።

«የባልደረባነት ነው» አሉኝ።

ከዚያ የፕሮጀክቱን ደብዳቤ አውጥተው መመሪያውን አሳዩኝ። ታች ጥግ ላይ እንዲህ ይላል፦ የተመረጠው መምህር ሥራውን በአግባቡ እንደማይሠራ በምልከታ ሪፖርት ከታወቀ፣ በቅደም ተከተል ሁለተኛ የሆነው አመልካች ይተካል። ሁለተኛው አመልካች እኔ ነኝ። ሪፖርቱን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ይህን ያሰበ ሰው የሰውን ልጅ በፎቶ እንጂ በአካል አይቶት አያውቅም።

ረቡዕ ሄድኩ። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ አንዱን እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘረጋሁት። ሰዓቴን አውልቄ ወረቀቴ አጠገብ አስቀመጥኩ። የሪፖርቱ ቅጽ ከአምስት የሚል ነገር የለውም፤ «ያዩትን ከነሰዓቱ ይጻፉ» ነው የሚለው። ደስ አለኝ። ሦስት ብሰጣት ጦርነት ነው፤ ያየሁትን ብጽፍ ግን ሥራዬን ሠራሁ እንጂ ምን ልባል።

ባልደረባዬ ሰሌዳው ላይ ስድስት ሲካፈል ለግማሽ ብላ ጻፈችና መልሱን ጠየቀች። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል «ሦስት» አሉ። እነዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ሊያስተምሩ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው። እሷ ሦስትን ጻፈች፣ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ሄዳ ተማሪዎቹ መሃል አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር።

«ሁላችሁም ተስማማችሁ?» አለች። ዝም። «እሺ፣ ስድስት ለሁለት ሲካፈልስ?»

«ሦስት።»

«እሱም ሦስት፣ ይሄም ሦስት?»

ዝም። ጸጥታው እንዴት እንደሚያሳክክ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰከንድ በላይ ጸጥታ ገብቶ አያውቅም፤ በአምስተኛው ሰከንድ ቀልድ አለኝ። እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሦስቱ ሰሌዳው ላይ እንደተገተረ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ያንሾካሹካሉ፣ ወረቀት ይጭራሉ፣ አንዳንዱ ጣሪያውን ያያል። እኔ እጽፋለሁ። እስክሪብቶዬ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ፣ ቤተሰቦቿ ቡራዩ ገበያ የእህል ሱቅ ያላቸው አንዲት ተማሪ ተነሳች።

«መምህርት፣ ስድስት ኪሎ ምስር ቢኖረኝና በግማሽ ግማሽ ኪሎ ላስቲክ ባደርገው፣ አሥራ ሁለት ላስቲክ ነው የሚወጣኝ። ሦስት ላስቲክ ካልኩማ አባቴ ሱቁን ይዘጋብኛል።»

ፊት የተቀመጠው ልጅ ዞሮ፣ «ማካፈል ያሳንሳል እንጂ እንዴት ያበዛል?» አላት። «ማካፈል ካበዛ ማባዛት ምን ሊሠራ ነው?»

«እሱን ማባዛትን ጠይቀው። እኔ ስለ ምስሬ ነው የማወራው።»

ክፍሉ ታመሰ። ግማሹ ከእሷ ጋር፣ ግማሹ ከእሱ ጋር። አንዱ ወረቀት እየቀደደ ሊያሳይ ይሞክራል። የኋላ ረድፍ በኦሮምኛ ይከራከራል፣ የፊቱ በአማርኛ ይመልስለታል። ሦስት ነው ብሎ የተሟገተው ልጅ ራሱ ሄዶ ሦስቱን አጠፋው። ያቺው ልጅ ደግሞ፣ «በአንድ ኪሎ ውስጥ ሁለት ግማሽ አለ። በስድስት ኪሎ ውስጥ ስድስት ጊዜ ሁለት። እንግዲህ ገለበጥነው የምንለው ሁለት ይሄ ነዋ» አለች። አለችና ተቀመጠች፤ ምንም እንዳልሠራ ሰው። ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሳም።

ሃያ ዓመት ይህን ትምህርት አስተምሬያለሁ። ሲደርስ የምለው ቀልድ አለኝ፦ «ገልብጣችሁ አባዙ፤ ለምን ያለ ሰው እሱም ይገለበጣል።» ሁሌም ይስቃሉ። ስቀውም ይጽፋሉ። ደወሉ ሲደወል ደግሞ በሩ ላይ ይጋፋሉ። ያን ዕለት ወንበሬ ላይ ተጣብቄ የቀናሁት ቅናት ካለፈው ሁሉ የከፋ ነበር። በገንዘብ ሲቀና ሰው ቢያንስ ፕሮጀክቱን ይሰድባል። በዚህ ግን ማንን ልስደብ።

ሪፖርቱን ቤቴ ሄጄ በንጹሕ ገለበጥኩት። ውሸት የለበትም፤ አንዲት ቃል እንኳ። «ከሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት የተሳሳተ መልስ ሰሌዳው ላይ ቆይቷል። መምህርቷ አላረመችም። በዚህ ጊዜ ተቀምጣ ነበር።» እዚያ ላይ ነጥብ አደረግኩ፤ ወረቀቱ አለቀ ብዬ። ወረቀቱ አላለቀም ነበር። ሐሙስ አስገባሁት።

አርብ ጠዋት ምክትል ዲኑ ጠሩኝ። ሪፖርቴን ሁለት ጊዜ አንብበውታል መሰለኝ፣ ከሥሩ አስምረውበታል።

«ይሄ ከባድ ነገር ነው» አሉ።

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ የተሳሳተ መልስ? ተቀምጣ?»

«ተቀምጣ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በል፣ ሰኞ ለፕሮጀክቱ እጽፋለሁ። አንተ ትተካለህ። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የባንክ ደብተርህን ኮፒ ይዘህልኝ ና።»

ከቢሮው ስወጣ መሬቱ ከእግሬ ሥር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነበር። ያንን ሁሉ ቀን ስመኘው የነበረው ባዶ ሳጥን የእኔ ሆነ። እሷ ደግሞ ሰኞ ከሰዓት ጀምራ እንደ እኛ ትሮጣለች። በምሳ ሰዓት አስፋልቱ ዳር ወዳለች ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ወጣት ነው፤ ነጭ ጨርቅ ፊት አስቀመጠኝና፣

«ጋሼ፣ ፊትዎን ትንሽ ዘና ያድርጉት» አለኝ።

«ዘና ብያለሁ።»

«አልመሰለኝም። የሞተብዎ ሰው አለ?»

«የለም። ሥራ አግኝቼ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለዎ» አለኝና አነሳኝ። ሳየው የራሴን ፊት አላወቅኩትም። ሰው ሰርቆ ተይዞ ሲነሳ የሚመስለውን እመስላለሁ። ማታ ባለቤቴ ከኪሴ አውጥታ አየችው። «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው የሚፈለገው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ግን ከዚያ በፊት፣ አርብ ከሰዓት የራሴ ክፍል ነበረኝ። ያው ትምህርት ነው፤ በክፍልፋይ ማካፈል። ቀልዴን ቀለድኩ። ሳቁ። አንዱ ግን እጁን አወጣ።

«መምህር፣ የዚያኛው ክፍል ልጆች ለምን እንደሚገለበጥ ያውቃሉ። እኛስ?»

ሰሌዳው ላይ ማረጋገጫውን ከላይ እስከ ታች ጻፍኩለት፤ ብዜታዊ ተገላቢጦሽ፣ አንድ ማድረግ፣ ምንም ያልጎደለው። ሁሉም ገለበጡት። ልጁም ገለበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ አላሳቅኩትም፣ አላስረዳሁትም። «አመሰግናለሁ መምህር» አለኝ። በአክብሮት ነው ያለኝ፤ ይበልጥ የጎዳኝም እሱ ነው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሰኞ ያንን ቦታ ብወስድ ፕሮጀክቱ የሚከፍለኝ እሷ ያደረገችውን እንዳደርግ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው፣ እሷ ስታደርገው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰዓት መያዝ ብቻ ነው። ልጆቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚደርሳቸው የእኔ ቀልድ ይሆናል፤ በክፍያ።

ቅዳሜና እሑድ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ራሴ ጎበዝ ተከራካሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ አሸነፈኝ። እሑድ ማታ ግን ባለቤቴ ጨርቅ የምትቀድድበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ገጽ ጻፍኩ። ከሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ጀምሬ ምስሩን፣ ላስቲኩን፣ ሦስቱን ያጠፋውን ልጅ፣ ደወሉን፣ ማንም አለመነሳቱን። ስጽፈው እየቀናሁ ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ ላይ በጣም ስለቀናሁ ወረቀቱ ተቀዷል።

ሰኞ ጠዋት ምክትል ዲኑ አነበቡት።

«ታዲያ ይሄን ሐሙስ ለምን አልጻፍክም?»

«ቀንቼ ነው» አልኳቸው።

ቅጹን አገላብጠው አዩት። «ቅናት የሚባል ቦታ የለውም» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «‹ሌላ ምክንያት ካለ› የሚለው ላይ አስገባው» ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ። አስገባሁት። ከዚያ ያሰመሩበትን ገጽ በሁለተኛው ገጽ ሸፈኑት። «አርባ ዓመት ሪፖርት ሳነብ እንደዚህ ዓይነት አይቼ አላውቅም። በል ሂድ። የሪፖርቱ ኮፒ ለእሷ እንደሚደርሳት ታውቃለህ አይደል?»

አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ፈተና የማርም እመስላለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ሁለቱን ገጽ ታነባለች። የመጀመሪያውን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። የሰው ልጅ በዚያ ሁኔታ ስንት ፈተና ማረም እንደሚችል ልንገራችሁ፤ ምንም።

«አሥራ አንድ ደቂቃ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ዘጠኝ ነው። ሰዓትህ ይሮጣል።»

«አንቺም ሰዓት ይዘሽ ነበር?»

«ታዲያስ። ልነሳና ላጠፋው ስል ስንት ጊዜ አግዳሚውን እንደያዝኩት አንተ የት ታውቃለህ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሱሉልታ ሄጄ ልተኛ አምሮኝ ነበር።» የመጀመሪያውን ገጽ አነሳች። «ይሄን የጻፈው ሰው ግን ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄንንስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ሐሙስ ዕለት ሁለተኛው የት ሄዶ ነበር?»

ቀልድ መጣልኝ። ሦስት ቀልዶች መጡልኝ። አንዱንም አላወጣሁትም። «ቦታሽን ልወስድ ነበር» አልኳት። «ፎቶግራፍ ሁሉ ተነስቼ ነበር።»

ሁለቱን ገጽ አደራርባ አስቀመጠች። አምስተኛው ሰከንድ አለፈ፤ እኔም በቀልድ ልሞላው አልሞከርኩም።

«አሳየኝ እስቲ» አለች። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አየችው፤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «በእናቴ ለቅሶ ይሄን ፊትህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ከድንኳን ሲያስወጡህ እተዋቸው ነበር» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ፎቶውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አዝኜብሃለሁ። ስቄ የተውኩት እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ።»

«ረቡዕ ትገባልኛለህ?»

«ደፍረሽ እኔን?»

«ሌላው ሰው ሁሉ ገብቶ ‹እጅግ በጣም ጥሩ› ብሎ ፈርሞልኝ ይወጣል። አንተ ቢያንስ ደቂቃ ትቆጥራለህ።»

ለዚያ አይከፈለኝም። እስከ ዛሬም አይከፈለኝም፤ ፕሮጀክቱ ለተመልካቾችም ሊያስብ ይገባል ብዬ በደንብ የተቀመረ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ባዶ ሳጥኖቿ በሩ ላይ እንደተለጠፉ ናቸው፤ ሳልፍ ዛሬም ቆም ብዬ እቆጥራቸዋለሁ። የወር ክፍያዋ የገባ ዕለት ደግሞ ሻይ ስትጋብዘኝ ሁለት ጊዜ አዝዣለሁ፤ በንዴት።

ረቡዕ ገባሁ። ያቺው የምስር ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ሰባት ኪሎ ምስር፣ ሦስት አራተኛ ኪሎ በሚይዝ ላስቲክ። ዘጠኝ ላስቲክ ሞላ፣ ሩብ ኪሎ ተረፈ። በቀመሩ ሲሠሩት ግን መልሱ ዘጠኝ ከሲሶ ይላል።

«የተረፈኝ ሩብ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ሲሶ ነው» አለች። «ሩቤ የት ሄዶ ነው ሲሶ የሆነው?»

ባልደረባዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጅቷ ክፍሉን ቃኘችና ዓይኗ መጨረሻ ወንበር ላይ አረፈ።

«መምህር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አፌን ከፈትኩ። ቀመሩ ምላሴ ላይ ነበር፤ ምክንያቱ ግን የለም። ወደ ጣሪያው አየሁ፣ ወደ ወረቀቴ አየሁ። ባልደረባዬ ዞር ብላ ታየኛለች፤ አልረዳችኝም። ሩቡ የኪሎው ሲሆን ሲሶው የላስቲኩ መሆኑን ከእኔ ቀድሞ ያገኘው ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ ነው፤ እሱም ከብዙ ደቂቃ በኋላ። እኔ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ቅጹ ላይ ጻፍኩ።

«ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ተመልካቹ ተጠየቀ። አላወቀም።»